ለተጣፈ ልብስ የንግድ ምልክት

የወንድ ሸሚዝ ቀድሞ የሚያረጀው በኮሌታው ነው። ደረቱ ገና ጠንካራ፣ እጅጌው ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ አንገት የሚነካው መታጠፊያ ይሳሳና ክሩ ይፈታል፤ ውስጡ ያለው ነጭ ጨርቅም ብቅ ይላል። ጥሩ ልብስ ሰፊ ይህን ሸሚዝ አይጥለውም። ኮሌታውን በምላጭ ጫፍ ስፌት በስፌት ይተረትርና ከአንገቱ ያላቅቀዋል። ያለቀው ፊት ወደ ውስጥ፣ ፀሐይና ላብ ያልነካው ጀርባ ወደ ውጭ እንዲሆን ይገለብጠዋል። መሐሉን ከሸሚዙ ጀርባ መሐል ጋር አገናኝቶ፣ ግራና ቀኙን ለክቶ፣ በነባሩ የመርፌ ቀዳዳ ላይ መልሶ ይሰፋዋል። ካውያ ሲያርፍበት፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው ኮሌታው መገልበጡን አይለይም።

በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ከተሞች፣ ከሱቅ በረንዳ ሥር ሲንጀራቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች ለእንዲህ ያለ ሥራ እንግዳ አይደሉም። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የጃኬት ገበር ይለውጣሉ፣ ከአባት ካፖርት ለልጅ የሚሆን ያወጣሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ ሰልባጅ ነጋዴው አለ። ሸራ አንጥፎ ወይም አጠና ላይ ሰቅሎ ይሸጣል። ገዢው ስፌቱን ጎተት ያደርጋል፣ ብብቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፣ ዚፑን ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክራል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። እዚህ ንግድ ውስጥ መራጭ ዓይን አለ፣ የእጅ ሙያ አለ፣ ደንበኛም አለ። የጎደለው የራስ ስም ነው። ሰው ሲጠቁም «ከመናኸሪያው ማዶ ያለው» ወይም «ጥግ ላይ የሚሰፋው ሰውዬ» ይላል። ሰውዬው ቦታ የቀየረ ቀን በዓመታት የሰበሰበው አመኔታ ሁሉ ይበተናል።

ይህ ንግድ በሕግ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ጊዜውም አሁን ነው። የምመለከተው ትልልቅ ከተሞችን ብቻ አይደለም። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ መዲና ናት። ሁለቱም ከደጀን ተገንጥሎ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ደጋዎች ናቸው። ብርዱ ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ሹራብና ካፖርት ዓመቱን ሙሉ ገበያ አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ አዲስ ልብስ ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆኗል። ድሮ ለተማሪ ልጁ አዲስ ጃኬት ይገዛ የነበረ ወላጅ ዛሬ ያለውን ያስጠግናል፣ ካልሆነም ጥሩ ሰልባጅ ይመርጣል።

ነገሩ ድህነት ብቻ እንዳይመስለን። በጎጃም ቤት ልብስ እስከ መጨረሻው ይኖራል። የታላቅ ልብስ ለታናሽ ይተላለፋል፣ ጋቢ ሲሳሳ የሕፃን ማዘያ ይሆናል፣ ቡሉኮ ጠርዙ ሲበላ ይከረከምና መልሶ ይቋጫል፣ የቀረው እራፊ ለድስት ማውጫ ይውላል። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጠው ነጋዴ፣ «ቆራሌው!» እያለ ጣሳና ጠርሙስ የሚሰበስበው ወጣት፣ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ባለሙያዎች፣ ሁሉም የዚሁ ኑሮ ልጆች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በዓለም ላይ በየዓመቱ 92 ሚሊዮን ቶን የሚሆን የጨርቃ ጨርቅ ቆሻሻ እንደሚጣል ይናገራል። አንድ የጥጥ ካናቴራ ለማምረት 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚፈጅም ይገመታል። ይህን የተገነዘቡ የውጭ ኩባንያዎች ጥገናንና ዳግም ሽያጭን ትልቅ ንግድ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሊቱዌንያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ የተጀመረው ቪንትድ ያገለገለ ልብስ በማገበያየት በመላው አውሮፓ የታወቀ ስም ሆኗል። የአሜሪካው ፓታጎንያ የራሱን አሮጌ ጃኬቶች ጠግኖ «ዎርን ዌር» በሚል መጠሪያ መልሶ ይሸጣል። የእኛ ሰው ለዘመናት የኖረበትን ሙያ እነሱ ስም አወጡለት፤ ስሙንም አስመዘገቡት።

በአገራችንም ይህን ያደረገች አለች። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ሶል ሬብልስን ስትመሠርት የያዘችው ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠውን በረባሶ ገበሬውም ወታደሩም ሲያደርገው ኖሯል። ሶሉን ካረጀ ጎማ፣ ላዩን በእጅ ከተፈተለ ጥጥ እያደረገች ለውጭ ገበያ የሚመጥን ጫማ ሠራች፤ በተለያዩ አገሮችም በስሙ ሱቆች ተከፈቱ። በረባሶ የሁሉም ነበር፤ ሶል ሬብልስ ግን የአንድ ድርጅት ነው። የገበሬውን ጫማ ማንም አልወሰደበትም፣ ዛሬም ጎማ ቆርጦ መስፋት ለሁሉም ክፍት ነው። የተጠበቀው ደንበኛው ጥራቱን የሚያውቅበት ስም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚስተው ነገር አለ። ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ወረቀት ያሳይና «ስሜ ተመዝግቧል» ይላል። የተመዘገበው የንግድ ስሙ ነው። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የሚሰፍር የነጋዴው መጠሪያ ነው፤ ግብር የሚከፍለው፣ ውል የሚዋዋለው፣ የሚከሰሰውም በዚህ ስም ነው። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። ዕቃው ላይ የሚሰፋው፣ ከረጢቱ ላይ የሚታተመው፣ የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለየው ምልክት ነው። የሚመዘገበውም በወረዳ ሳይሆን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1995 ዓ.ም. በጽሕፈት ቤትነት ተቋቁሞ ኋላ ወደ ባለሥልጣንነት ያደገ የፌዴራል ተቋም ነው። አንድ የሞጣ ነጋዴ በወረዳው መዝገብ ስሙ ቢኖርም፣ ያንኑ መጠሪያ ሌላ ሰው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ በንግድ ምልክትነት ካስመዘገበው፣ ከረጢቱን ያሳተመው የሞጣው ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በምልክት ላይ የባለቤትነት መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። «እኔ ቀድሜ ተጠቅሜበታለሁ» የሚለው ክርክር ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በተለይ የመቃወሚያ ጊዜው ሳያልፍ ከቀረበ ይደመጣል። ነገር ግን ያንን ክርክር ለማስረዳት ምስክርና ሰነድ መሰብሰብ፣ ጠበቃ ማቆም፣ አዲስ አበባ መመላለስ ይጠይቃል። ለትንሽ ባለ ሱቅ ክርክሩን ማሸነፍ ራሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ ከመጻፍ፣ ከረጢት ከማሳተም በፊት ማመልከት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ስም ይመዘገባል? እዚህ ጋ ያገለገለ ልብስ ነጋዴ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ መጀመሪያ ወደ አፉ የሚመጡት ስሞች በሙሉ ማለት ይቻላል ሕጉ የማይቀበላቸው ናቸውና። «ምርጥ ሰልባጅ» ዕቃውንና ጥራቱን ከመግለጽ አያልፍም። «የሞጣ ቦንዳ» ቦታውንና ዕቃውን ብቻ ይናገራል። «ያገለገሉ ልብሶች ማዕከል» ማንም ሊጠቀምበት የሚገባ የወል መግለጫ ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ ብዛት፣ ምንጭ ብቻ የሚያመለክት ቃል ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ሌላው አፉን እንዲዘጋ አይደረግም። «አረንጓዴ»፣ «ዘላቂ»፣ «ንጹሕ» የሚሉትም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። በዚያ ላይ ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ሕዝብን የሚያሳስት ምልክት ተብለው ሊወድቁ ይችላሉ።

የሚያዋጣው ዕቃውን በቀጥታ ሳይሰይም ወደ ሐሳቡ የሚመራ ወይም ከዕቃው ጋር ጭርሱን የማይገናኝ ስም ነው። ሰም ለበስ ቃል መምረጥ ለጎጃም ሰው ሊያስቸግረው አይገባም፤ ቅኔ ሲቆጠርበት የኖረ አገር ነው። ከቃሉ ጋር ሥዕል፣ የቀለም አሠራር፣ የፊደል አጣጣል ሊጣመር ይችላል፤ አዋጁ ቃልን፣ ሥዕልን፣ ፊደልን፣ ቁጥርን፣ ቀለምን፣ የዕቃና የማሸጊያ ቅርጽን ሁሉ በምልክትነት ይቀበላል። ለምሳሌ ልብስ ሰፊው በጠገነው ልብስ ሁሉ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀለም ክር የሚጥላት ትንሽ የስፌት ቅርጽ ጥሩ ምልክት ትሆናለች። ደንበኛ ማንበብ ባይችል እንኳ ያውቃታል። ስሙን በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ማመልከት ይጠቅማል፤ ነገ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የሚሸጥበት ሰው በሁለቱም ይፈልገዋልና።

ማመልከቻው ላይ ምልክቱ ብቻ አይደለም የሚጻፈው። ምልክቱ ለየትኛው ዕቃና አገልግሎት እንደሆነ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ዓለም የሚሠራበት የኒስ ምደባ ዕቃንና አገልግሎትን በ45 ምድብ ይከፍላል። ልብስና ጫማ 25ኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። ቦርሳ 18ኛ ነው። ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ 24ኛ ነው፤ ቡሉኮ የሚሸጥ ይህን አይርሳ። የሌሎችን ልብስ ሰብስቦ መርጦ መሸጥ፣ ማለትም የችርቻሮ አገልግሎት፣ 35ኛ ነው። የተቀደደውን መጠገን 37ኛ፣ ልብስ በልክ መስፋትና ማስተካከል ደግሞ 40ኛ ውስጥ ይወድቃሉ።

ይህ የቁጥር ነገር ደረቅ ይመስላል፤ የንግዱ ልብ ያለው ግን እዚህ ነው። ሰልባጅ ነጋዴ የሚሸጠውን ሸሚዝ አላመረተውም። ሸሚዙ አንገቱ ላይ የሌላ ባለቤት ምልክት ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ነጋዴው የራሱ የሚለው ሸሚዙን አይደለም። የራሱ የሚለው መምረጡን፣ ማጠቡን፣ መጠገኑን፣ «ከተተረተረ መልሱልኝ» ብሎ ቃል መግባቱን ነው። 25ኛውን ምድብ ብቻ ይዞ አገልግሎቱን የተወ ሰው የማይሸጠውን ጠብቆ የሚሸጠውን ሜዳ ላይ ትቶታል።

የሌላው ምልክትስ? ቢቸና ገበያ ላይ ያገለገለ የአዲዳስ ጃኬት የሚሸጥ ሰው የአዲዳስን መብት ጥሷል? ዕቃው እውነተኛ እስከሆነ ድረስ፣ አልጣሰም። አዋጁ የምልክት ባለቤት በየትኛውም አገር በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ዕቃው ላይ ምልክቱ ሲታይ ሌላውን እንዳይከለክል ይደነግጋል። ባለቤቱ ዋጋውን አንዴ ተቀብሏል፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ከእጅ እጅ ቢዞር አያገባውም። ነገር ግን ሕጉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ ዕቃው ለውጥ ያልተደረገበት ሊሆን ይገባል። ለተጣፈ ልብስ ወሳኙ ነገር ይህ ነው። የወለቀ ቁልፍ መትከል፣ ዚፕ መቀየር ጃኬቱን ሌላ ዕቃ አያደርገውም ብዬ አምናለሁ። የሊቫይስ ጂንስ ተቆርጦ ቦርሳ ሲሆን ግን፣ የኋላ ኪሱ ላይ ያለችው ቀይ ጨርቅ ሳትነሣ ከቀረች፣ ቦርሳውን ሊቫይስ የሠራው ያስመስላል። እዚያ ጋ ጥበቃው አይሠራም።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ፍርድ ቤቶች ብዙ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ የመኪና ካንዴላ ነበር። አንድ ነጋዴ ያረጁ የቻምፒዮን ካንዴላዎችን ሰብስቦ፣ አድሶ፣ የቻምፒዮን ስም ሳይፋቅ ይሸጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስሙን ይፋቅ አላለም። «የተጠገነ» ወይም «ያገለገለ» የሚለው ካንዴላው ላይ በግልጽ ይታተም፤ ያደሰውም ማን እንደሆነ በማሸጊያው ላይ ይነገር አለ። ቮርቲክ የተባለ ድርጅት ደግሞ የቆዩ የሐሚልተን የኪስ ሰዓቶችን ወደ እጅ ሰዓት እየቀየረ በመሸጡ በሐሚልተን ተከስሶ ነበር፤ ሰዓቱ ከየት እንደመጣና ማን እንደቀየረው ለገዢው ግልጽ አድርጎ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2021 በይግባኝ ፍርድ ቤትም ረታ። እኒህ ፍርዶች ኢትዮጵያ ውስጥ ዳኛን አያስገድዱም። የሚያሳዩት መንገድ ግን ለማንኛውም ሐቀኛ ነጋዴ የሚመች ነው፦ የሌላውን ስም አትደብቅ፣ የራስህም አታድርገው፣ አንተ የሠራኸውን በራስህ ስም ተናገር።

የእኛም ሕግ ወደዚሁ ይመራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃውን አዲስነት፣ የታደሰ ወይም ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጽን ይከለክላል። ስለዚህ ያገለገለ ልብስ ምልክት ያወጣ ሰው ከአንገቱ ሥር የሚሰፋት ትንሽ ጨርቅ ሁለት ነገር ብትናገር ግዴታውንም ዝናውንም በአንድ ላይ ትወጣለታለች፦ ልብሱ ያገለገለ መሆኑን፣ ምን እንደተጠገነለትም። «ኮሌታው ተገልብጧል፤ ገበሩ አዲስ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይታመናል።

የፌክ ዕቃ ጉዳይ ግን ምሕረት የለውም። ቦንዳ ሲፈታ ከውስጡ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ መውጣቱ አይቀርም። «እኔ አልሠራሁትም፣ ከቦንዳ ነው የወጣው» ማለት አያድንም። አዋጅ 501 የተመዘገበ ምልክትን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰም ከእስራት አያመልጥም። የተጠረጠረን ዕቃ ምልክቱን ነቅሎ ለእራፊ ማዋል ከመሸጥ ይሻላል።

ከዚህ የባሰ አንድ ጉዳይ አለ፣ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን በየጊዜው ከሚይዛቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች ዝርዝር ልባሽ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። ብዙው የሰልባጅ ገበያ የሚመገበው ከዚህ ምንጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በኮንትሮባንድ በገባ ዕቃ ላይ የተመዘገበ ስም መለጠፍ ዕቃውን ሕጋዊ አያደርገውም፤ እንዲያውም ያለ ስም ይሸጥ የነበረውን ነጋዴ በስሙ ተጠያቂ ያደርገዋል። ክልከላው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እንደኔ፣ የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ለመጠበቅ የወጣ ገደብ ምክንያት አለው፤ በጋናው የልባሽ ጨርቅ ገበያ በካንታማንቶ የሚያልፈውን የጨርቅ ክምር ያየ ሰው ይህን ይረዳል።

ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ ዘላቂ የሚሆነው ስም ምንጩን ከአገር ውስጥ የሚያደርግ ነው። እዚሁ ተገዝቶ እዚሁ የተለበሰ ልብስ ሞልቷል። ወደ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሄደው የተመለሱ ልጆች ሻንጣ፣ የሠርግ ማግሥት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ሱፍና ቬሎ፣ አንድ ጥምቀት ብቻ የተለበሰ የሐበሻ ቀሚስ፣ ትምህርት ሲያልቅ የሚጣል ዩኒፎርም፣ የመሥሪያ ቤት ቱታ። የልዋጭ ነጋዴው ይህን የመሰብሰብ ዘዴ ያውቀዋል። የጥለቱ ዙሪያ ያልተጎዳ አሮጌ የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ተፈትቶ በአዲስ ሸማ ላይ ሲሰፋ የሸማኔውም የልብስ ሰፊውም ሥራ አንድ ላይ ይገናኛል። ይህን ለማድረግ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቁ የአካባቢው ልጆች እጃቸውን ቢጨምሩበት፣ ሌላ ቦታ የሌለ ዕቃ ይወጣል። ይህ ዕቃ 25ኛውን ምድብ በሙሉ መብት የሚጠይቅ፣ የራስ የሆነ ሥራ ነው።

ሒደቱ ራሱ የተወሳሰበ አይደለም። መጀመሪያ ተመሳሳይ ምልክት አስቀድሞ መመዝገብ አለመመዝገቡ ይፈተሻል። ከዚያ የማመልከቻ ቅጽ፣ የምልክቱ ቅጂ፣ የዕቃና የአገልግሎት ዝርዝርና የክፍያ ደረሰኝ ይቀርባል። ባለሥልጣኑ መጀመሪያ ሰነዱን፣ ቀጥሎ ምልክቱን ራሱን ይመረምራል። ካለፈ፣ የሚቃወም ካለ እንዲቀርብ በአመልካቹ ወጪ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የመቃወሚያው ጊዜ 60 ቀን ነው። ተቃዋሚ ካልመጣ ወይም ተቃውሞው ውድቅ ከሆነ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል።

አስቸጋሪው ርቀቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ኢንተርኔት አቋርጧል፣ ሱቅ አዘግቷል። በዚህ መካከል ለአንድ ቅጽ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መመላለስ ለአንድ ልብስ ሰፊ የማይታሰብ ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ጠበቃ በውክልና ሊያመለክትለት ይችላል። የውክልና ወረቀቱ ግን ምልክቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ ፊት ለፊት መናገር አለበት፤ በወኪል ስም የገባ ምልክት የወኪሉ ነውና ኋላ ዘመድ ከዘመድ ያቀያይማል።

የአንድ ሰው አቅም ካልበቃ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ለሁለቱ ከተሞች የምመርጠውም ይህንኑ ነው። አዋጁ የወል የንግድ ምልክትን ያውቃል። ባለቤቱ ማኅበር ነው፤ ተጠቃሚዎቹ አባላቱ ናቸው። የቢቸናና የሞጣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሸማኔዎችና ያገለገለ ልብስ ነጋዴዎች አንድ ማኅበር አቋቁመው አንድ ምልክት ቢያስመዘግቡ፣ ወጪው ይከፋፈላል፣ ምልክቱም አንድ ሰው ሥራ ቢያቆም አይሞትም። የአገራችን የቡና ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው። የያኔው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃወመ። ክርክሩ የቡና ኩባንያውን ስታርባክስን ጨምሮ ብዙዎችን አነካክቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 በስምምነት ተቋጨ፤ ኩባንያው የኢትዮጵያን የስሞቹን ባለቤትነት አክብሮ የፈቃድ ውል ፈረመ። ያን ቡና ያመረቱት አነስተኛ እርሻ ያላቸው ገበሬዎች ነበሩ። ስሙ የጋራ ስለነበር ነው ጉልበት ያገኘው።

የወል ምልክት ሲመዘገብ የአጠቃቀም ደንቡ አብሮ ይገባል፤ ማኅበሩ ከሁሉ በፊት ቁጭ ብሎ መጻፍ ያለበትም ይህን ደንብ ነው። ምልክቱን የሚሰፋ ማን ነው? ልብሱ ከመሸጡ በፊት እንዴት ይታጠባል? የትኛው ጥገና ነው ምልክቱ የሚገባው፣ ተራ እጥፍ ወይስ የኮሌታና የገበር ሥራ? ልብሱ ከየት እንደተሰበሰበ በምን ይመዘገባል? ሲተረተር ማን ይመልሳል፣ በስንት ቀን? ደንቡን የጣሰ አባል ምን ይደረጋል? እኒህ ጥያቄዎች በቃል «እንተማመናለን» ተብለው ከታለፉ፣ የመጀመሪያው ደካማ ጃኬት የሁሉንም ስም ይዞ ይወርዳል።

ምስክር ወረቀቱ ከመጣ በኋላም አንድ ግዴታ ይቀራል። ለተከታታይ 3 ዓመት በሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ጥቅም ያለው ሰው ሲጠይቅ ሊሰረዝ ይችላል። ሁሉንም ምድብ በጉጉት ጠይቆ ሁለቱን ብቻ መጠቀም የሚጎዳው ለዚህ ነው። ግጭትና የመንገድ መዘጋት ሥራን ለወራት በሚያቋርጥበት አካባቢ ደግሞ መዝገብ መያዝ ግዴታ ነው፦ የእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ ቅጂ፣ ምልክቱ የተሰፋባቸው ልብሶች ፎቶ ከነቀኑ፣ የከረጢትና የጨርቅ ምልክት ማሳተሚያ ውል፣ ሱቁ የተዘጋበት ጊዜና ምክንያቱ። ማኅበሩ ለዚህ አንድ ጸሐፊ መድቦ ደብተሩን በየወሩ መዝጋት ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ጥያቄ በመጣ ቀን የሚቀርበው ማስረጃ ያ ደብተር ነው።